በወሎ የበግ ጸጉር ክር ጉብ ጉብ ያለ ያንገት ልብስ እንዴት እንደሚሠራ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ይሸፍነዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የማለዳው ብርድ ይቆነጥጣል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው መንገድ ላይ ልብስ ማውለቅ ይጀምራል፤ ወደ ወረኢሉና ወደ ለጋምቦ የሚወጣው ደግሞ ይደርባል። እዚያ ላይ ነጠላ ብቻውን አንገት አያሞቅም።

በዚያው ደጋ በግ ሞልቷል። ጸጉሩ ተሸልቶ፣ ተፈትሎ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ሲሆን ኖሯል። አንገታችን ላይ የምናደርገውን ግን ከሱቅ እንገዛለን። ይኼ ያስቆጨኛል። «የእጅ ፈትል ወጣ ገባ ስለሆነ ለሹራብ አይሆንም» የሚሉ አሉ። ልሙጥ ሹራብ ለሚፈልግ ልክ ናቸው፤ ልሙጥ ሥራ ላይ እያንዳንዱ ወፈር ያለ ቦታ ይታያል። ገጹ ጉብ ጉብ ያለ አሠራር ከመረጣችሁ ግን የክሩ ወጣ ገባነት ከጉብታው ጋር ይዋሃዳል። እንዲያውም ያምርበታል። ስለዚህ የማሳያችሁ አሠራር ለዚህ ክር የሚስማማውን ነው። ሹራብ ሠርቶ የማያውቅ ሰውም ይችለዋል።

ክሩ

መጀመሪያ ክሩ የእውነት የበግ ጸጉር መሆኑን እወቁ። በየሱቁ «ሱፍ» እየተባለ ከሚሸጠው የሹራብ ክር ብዙው አክሪሊክ የሚባል ሰው ሠራሽ ክር ነው። መለየቱ ቀላል ነው። የጣት ርዝመት ያህል ቁረጡና በወረንጦ ይዛችሁ ለኩሱት። ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። የበግ ጸጉር ቀስ ብሎ ይነዳል፣ እሳቱ ሲርቅለት ይጠፋል፣ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። አመዱ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። አክሪሊክ ግን ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠንካራ እንክብል ሆኖ ይቀራል።

የደጋችን በግ ጸጉር ሻካራ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ለአንገት የሚሆነውን መምረጥ ግን ይቻላል። የጠቦት የመጀመሪያ ሽልት ከትልቅ በግ ይለሰልሳል። ከአንዱ በግም ቢሆን የትከሻውና የጎኑ ይሻላል፤ የጭኑና የጅራቱ አካባቢ ሻካራም ቆሻሻም ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ክሩን አገጫችሁ ሥር አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ያዙት። ካሳከካችሁ ተዉት፤ ለሌላ ነገር ይሆናል። ቆዳችሁ ከነካው ጀምሮ የማያስችል ከሆነ ደግሞ የበግ ጸጉር ለእናንተ አይሆንም።

ፈታይ የምታውቁ ከሆነ ማስፈተል ከሁሉም ይሻላል። ለሸማኔ የሚፈተል ክር ጠንከር ብሎ ይከራል፤ ድሩ ውጥረት መቻል አለበትና። ለሹራብ ያ ይበዛል። «እማማ፣ ለሹራብ ነው የምፈልገው፤ ላላና ወፈር አድርገው ይፍተሉልኝ» በሉ። እንዝርቱ ላይ በዝቶ የከረረ ክር ልሙጥ ሹራብ ሲሠራበት ጨርቁን ወደ አንድ ጎን ያጣምመዋል። በኛ አሠራር ግን የፊትና የጀርባ ቀለበቶች (ከታች አሳያችኋለሁ) ስለሚፈራረቁ ጠመዝማዛው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ለእጅ ፈትል ይህን አሠራር የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ነጠላው ክር ከቀጠነ ሁለቱን አንድ ላይ አክርሩት። መጀመሪያ ወደ ቀኝ ከተፈተለ አሁን ወደ ግራ ይከረራል። በደንብ መከረሩን ለማወቅ አንድ ክንድ ያህል ይዛችሁ ሁለቱን ጫፍ አገናኙና መሐሉን ወደ ታች ልቀቁት። ጸጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ልክ ነው። እርስ በርሱ ከተጠማዘዘ ገና አልተመጣጠነም።

ቀለሙን በተመለከተ ነጭ ወይም ቡላ ውሰዱ። ዳማም ያምራል። ጥቁሩ ግርማ አለው፤ ግን ጉብታውን ይውጠዋል፣ ማታ በአምፑል ብርሃንም ቀለበቱን ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም።

20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 160 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ያንገት ልብስ 300 ግራም ያህል ክር ያዙ። ሁሉንም አንድ ጊዜ ግዙ። የተፈጥሮ ቀለም ከበግ በግ ይለያያል፤ ለጎደለው ተመልሳችሁ ብትሄዱ ያንኑ አታገኙትም።

ያልታጠበ ክር የበጉ ወዝ አለበት። ለብ ባለ ውሃ የጸጉር ሻምፑ ጠብ አድርጉና ክሩን ሳታሹት ዘፍዝፉት። ውሃው ሲደፈርስ ቀይሩት። ከዚያ ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ ኳስ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ስትጠቀልሉ አታጥብቁ፤ የተወጠረ ክር ሲሠራ ልክ ይመስልና ሲታጠብ ይሸበሸባል።

መርፌው

ሁለት የሹራብ መርፌ ያስፈልጋችኋል፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው። የቀጠነ መርፌ ይህን ክር ድርቅ ያለ ጨርቅ ያደርገዋል። ካጣችሁ ከወይራ ወይም ከሌላ ቀጥ ያለ ጠንካራ እንጨት መቅረጽ ይቻላል። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ውፍረቱ ከእርሳስ ትንሽ ይቅጠን። አንዱን ጫፍ ሹል አድርጉ፣ ግን እንደማይወጋ አድርጋችሁ ደምድሙት። በብርጭቆ ወረቀት ደጋግማችሁ እሹት። መጨረሻ ላይ ሰም ቀቡና በጨርቅ ወልውሉት። ጉንጫችሁ ላይ ስታንሸራትቱት ምንም ካልያዛችሁ፣ ክሩንም አይዝም። የበግ ጸጉር ትንሿን ስንጥር እንኳ ያገኛታል።

የእንጨት መርፌ ለጀማሪ ከብረቱ ይሻላል። ብረት ያንሸራትታል፤ እንጨት ቀለበቱን ይዞ ያቆያል።

መጀመር

አጀማመር ብዙ ዓይነት ነው። እኔ የምመርጠው እያስጀመረ የፊት ቀለበትንም የሚያስተምረውን ነው።

ክሩን ሸምቀቅ አድርጋችሁ አንድ ቀለበት ሥሩና የግራ እጃችሁ መርፌ ላይ አጥልቁት። የክሩ ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። አሁን የቀኙን መርፌ ቀለበቱ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አስገቡ። ሁለቱ መርፌዎች ይመሳቀላሉ፤ የቀኙ ከኋላ ነው። ከኳሱ የሚመጣውን ክር በቀኙ መርፌ ጫፍ ላይ ከሥር ወደ ላይ ጠምጥሙ። የጠመጠማችሁትን ክር በቀለበቱ ውስጥ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ቀኙ መርፌ ላይ አዲስ ቀለበት አገኛችሁ። አሮጌውን ሳትለቁ አዲሱን ወደ ግራው መርፌ አጥልቁት። ሁለት ሆኑ። በአዲሱ ቀለበት ውስጥ እንዲሁ አድርጉ፤ ሦስት። እንዲህ እያላችሁ ቀጥሉ።

አታጥብቁ። እያንዳንዱ ቀለበት መርፌው ላይ ወዲያ ወዲህ መንሸራተት አለበት።

ናሙና ሳትሠሩ ወደ ዋናው አትግቡ። የእያንዳንዱ ሰው እጅ ይለያያል፤ የእጅ ፈትል ክር ደግሞ ከዚያ በላይ ይለያያል። 17 ቀለበት ጀምሩና ከታች ባለው አሠራር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሥሩ። ሳትወጥሩ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ስፋቱን ለኩ። 11 ሳንቲ ሜትር መጣ እንበል። 20 እንዲሆን ከፈለጋችሁ 17ን በ20 አባዙና ለ11 አካፍሉ፤ 30.9 ይሆናል። ወደ 31 አጠጋጉት። ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ይሁን፤ አሠራሩ የሚቀለው በጎዶሎ ነው።

ሁለቱ ቀለበቶች

ሹራብ የሚባለው ነገር ሁሉ ከሁለት ቀለበት ይወጣል፤ ከፊትና ከጀርባ።

የፊት ቀለበቱን ስትጀምሩ ሠርታችሁታል። ልዩነቱ፣ አሁን አዲሱን ቀለበት ቀኙ መርፌ ላይ ትተዉትና አሮጌውን ከግራው መርፌ ታወርዱታላችሁ። ክሩ ሁልጊዜ ከሥራው ኋላ ነው።

ለጀርባ ቀለበት ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መሐል አሳልፋችሁ ወደ ፊት፣ ወደ ራሳችሁ አምጡት። የቀኙን መርፌ ቀለበቱ ውስጥ ከቀኝ ወደ ግራ አስገቡ፤ አሁን የቀኙ መርፌ ከፊት ነው። ክሩን በጫፉ ላይ ከላይ ወደ ታች ጠምጥሙና በቀለበቱ ውስጥ ወደ ኋላ ግፉት። አሮጌውን አውርዱ።

የሠራችሁትን ተመልከቱ። የፊት ቀለበት ልሙጥ ነው፤ የሀ ቅርጽ ይዞ ይታያል። የጀርባ ቀለበት ከሥሩ አግድም የተጋደመ ጉብታ አለው። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው፤ ጨርቁን ስትገለብጡ ሀው ጉብታ፣ ጉብታው ሀ ይሆናል። ይህን በዓይናችሁ እስክትለዩ ድረስ አትቸኩሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ቁጥር በማስታወስ የሚሠራ ሰው ቡና ሲቀርብ ቁጥሩ ይጠፋበታል። ቀለበቱን ማንበብ የለመደ ሰው አቦሉን ጠጥቶ፣ ተጫውቶ፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጉብታውን ማውጣት

31 ቀለበት ጀምራችኋል። የመጀመሪያውን ረድፍ እንዲህ ሥሩ፦ አንድ ፊት፣ አንድ ጀርባ፣ አንድ ፊት፣ አንድ ጀርባ፤ እስከ ጫፍ። በፊት ጀምራችሁ በፊት ትጨርሳላችሁ። መርፌዎቹን አቀያይሩ።

ሁለተኛውም ያው ነው። ሦስተኛውም። ሁሉም ረድፍ በፊት ይጀምራል፣ በፊት ያልቃል። የሚቀየር ነገር የለም። በሌላ አነጋገር፣ ከፊታችሁ ጉብታ ካያችሁ በላዩ ፊት ትሠራላችሁ፤ ሀ ካያችሁ ጀርባ ትሠራላችሁ። ጉብታ በጉብታ ላይ አይደረደርም። አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ስትሠሩ ገጹ ማሽላ የተበተነበት ይመስላል። ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነው። ለአንገት ልብስ ይኼ ትልቅ ነገር ነው፤ አንገት ላይ ሲጠመጠም ግልባጩ መታየቱ አይቀርም።

ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ ወገን ፊት ብቻ፣ በሌላው ጀርባ ብቻ የሚሠራው ልሙጥ ሹራብ ጠርዙ ይጠቀለላል። የሁለቱ ወገን ውጥረት ስለሚለያይ ነው፤ በካውያና በውሃ ቢቀንስም ሙሉ በሙሉ አይድንም። እዚህ ግን ፊቱና ጀርባው እኩል ስለሆነ ጨርቁ ዝርግ ብሎ ይተኛል። በየጉብታው መሐል አየር ስለሚይዝም ይሞቃል። የበግ ጸጉር ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት መጥጦ እንኳ እርጥብ አይመስልም። ለደሴ ጉም ከዚህ የሚሻል ጓደኛ አላውቅም።

አንድ ነገር ጠብቁ። ከፊት ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ፊት በተሻገራችሁ ቁጥር ክሩም በመርፌዎቹ መሐል መሻገር አለበት። ክሩን ፊት ለፊት ረስታችሁ የፊት ቀለበት ከሠራችሁ መርፌው ላይ ትርፍ ቀለበት ይቀመጣል። ሥራው ሳይታወቅ እየሰፋ የሚሄደው በዚህ ነው። ስለዚህ በየአሥር ረድፉ ቁጠሩ። 31 መሆን አለበት።

ሲበላሽ

ሁለት ጉብታ ተደራርቦ ካያችሁ ያ ቦታ ተሳስቷል። እዚያው ረድፍ ላይ ከሆነ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ወደ ግራው መርፌ እየመለሳችሁ ክሩን ሳቡ። ከታች ሦስት አራት ረድፍ ላይ ከሆነ ሁሉንም አትፍቱ። ከተሳሳተችው ቀለበት በላይ ያለችው ቀለበት ጋ እስክትደርሱ ሥሩና እሷን ብቻ ከመርፌው አውርዱ። በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ ስሕተቱ ድረስ ፍቱት። መሰላል የመሰለ ክር ይታያችኋል። በኪሮሽ እያንዳንዱን ደረጃ በትክክለኛው ወገን እየሳባችሁ መልሱት። የበግ ጸጉር እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ያመለጠች ቀለበት ቶሎ አትሮጥም። አክሪሊክ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ ትወርድ ነበር።

ክር ሲያልቅባችሁ አትቋጥሩ። ቋጠሮ አንገት ይጎረብጣል። የአሮጌውንና የአዲሱን ክር ጫፍ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ፍቱና ጸጉሩን በጣት አሳሱት። ሁለቱንም በውሃ አርጥቡ። መዳፋችሁ ላይ አንዱን በሌላው ላይ አስተኙና በሌላኛው መዳፍ ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ እሹ፣ መዳፋችሁ እስኪሞቅ። የጸጉሩ ቅርፊት እርስ በርሱ ይቆላለፍና አንድ ክር ይሆናል። ሳብ አድርጋችሁ ፈትኑት። ይህ በሰው ሠራሽ ክር የማይሆን ነገር ነው፣ እኔም ከሥራው ሁሉ በጣም የምወደው ይኸንን ነው።

መዝጋትና ማጠብ

160 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ወይም እጥፍ ብሎ አንገት ላይ ሲበቃ ዝጉት። ሁለት ቀለበት እንደ ወትሮው ሥሩ፣ አንድ ፊት አንድ ጀርባ። በግራው መርፌ ጫፍ የመጀመሪያዋን ቀለበት አንሡና በሁለተኛዋ ላይ አሳልፋችሁ ጣሏት። አንድ ቀረች። ሌላ ሥሩ፣ እንደገና አሳልፉ። የመጨረሻዋ ስትቀር ክሩን 20 ሳንቲ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡና በውስጧ አሳልፋችሁ ሳቡ። የተረፉትን ጫፎች በወፍራም መርፌ ጨርቁ ውስጥ አስርጓቸው። መዝጊያው ካጠበቀ ጫፉ ይሰበሰባል፤ ላላ አድርጉ። ዘርፍ የሚወድ ሰው ጫፉን እንደ ጋቢ ይቋጨው፤ እኔ ያለ ዘርፍ ይሻለኛል፣ ጉብታው ራሱ ይበቃል።

አጥባችሁ እስክትዘረጉት ድረስ ግን አልቋል አትበሉ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሻምፑ፣ 20 ደቂቃ። አታሹ፣ አትጭመቁ። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና እሽታ አንድ ላይ ሲሆኑ ቅርፊቱ ይቆላለፍና ጨርቁ ተኮማትሮ ይደድራል። ክር ስንቀጥል የጠቀመን ነገር እዚህ ላይ ጠላት ነው። ከዱቄት ሳሙናም ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ለእድፍ የሚጨመርባቸው ኢንዛይም የፕሮቲን እድፍን ይበላል፤ የበግ ጸጉር ደግሞ ራሱ ፕሮቲን ነው። በሌላ ንጹሕ ለብ ያለ ውሃ አለቅልቁት። ቢሻክርባችሁ የጸጉር ኮንዲሽነር ትንሽ ጨምሩበትና አሥር ደቂቃ አቆዩት፤ ያለሰልሰዋል።

ስታወጡት ከሥሩ ደግፋችሁ አንሡት፤ እርጥብ ሹራብ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። ወፍራም ፎጣ ላይ አስተኙት፣ ጠቅልሉት፣ በመዳፍ ተጫኑት። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ጠርዙን በጣት እያስተካከላችሁ በሜትር 20 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ከላይ እስከ ታች ለኩ። ገመድ ላይ አትስቀሉ። በጥላ ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ በክረምት ግን ይዘገያል።

ለሁለተኛው

እጃችሁ ከለመደ በኋላ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን የሚወጣውን ሞክሩ። 35 ቀለበት ጀምሩ። አምስት ፊት፣ አምስት ጀርባ እያላችሁ በፊት ጨርሱ። ስትመለሱ ያያችሁትን ሥሩ፤ ሀ በሀ ላይ፣ ጉብታ በጉብታ ላይ። ስለዚህ የመመለሻው ረድፍ በአምስት ጀርባ ይጀምራል። ስድስት ረድፍ ሲሞላ አፈራርቁት፤ ፊት የነበረው ጀርባ፣ ጀርባ የነበረው ፊት ይሁን። ይህም ዝርግ ብሎ ይተኛል። ክሩ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ እኩል መሆን አለበት፤ በልሙጡ ክፍል ላይ ወፈር ያለ ቦታ ይታያል።

ብርዱ ሲያልፍ ያንገት ልብሱን ሳታጥቡ አታስቀምጡ። ብል ላብና የምግብ ፍንጣቂ ያለበትን የበግ ጸጉር ያስቀድማል። በደንብ አድርቃችሁ ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ ከረጢት ክተቱት። በወር አንድ ጊዜ አውጡና አራግፉት፣ ፀሐይ ላይ ትንሽ አቆዩት፣ እጥፋቱንም ፈትሹ።